ሞዓባዊቷ ሩት

ወላይታ ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ ጎሳ መጠየቁ አይቀርም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነች፤ ሶዶ ገበያ ጀበና ትሸጣለች። ከሸክላ ሠሪ ቤት መጋባት እንደ ነውር ሲታይ ስለኖረ፣ ጥያቄው ሲመጣ እኔ ወሬ አስቀይር ነበር። የሩትን ታሪክ ደግሜ ያነበብኩት ለዚህ ነው።

የሩት ወገን ሞዓብ ነው። ሞዓብ ሎጥ ከገዛ ልጁ የወለደው ነው፤ ሕጉም (ዘዳግም 23) ሞዓባዊ እስከ 10ኛ ትውልድ ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ሩት ባሏ ሲሞትባት ወደ እናቷ ቤት መመለስ ትችል ነበር። እሷ ግን አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ ቤተልሔም ገባች። በገብስ አጨዳ ወቅት እየቃረመች አማቷን አበላች። ያገባት ቦዔዝም ማቴዎስ እንደጻፈው የረዓብ ልጅ ነው። ኢዮቤድን ወለዱ፤ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይም ዳዊትን ወለደ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ሞዓባዊት ይላታል፤ ማቴዎስም በዘር ሐረጉ ላይ ስሟን አልዘለለም። እምነቷ ወገኗን አላስካዳትም፤ ወገኗም ከእምነቷ አላስቀራትም።

ባለፈው ሳምንት ዶርም ውስጥ ጎሳዬን ተጠየቅኩ። የእናቴን ሥራ ጭምር ተናገርኩ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ ወሬውን አላስቀየርኩም።