ጨጓራ የመሰለው የፕሬዚዳንቱ ሕመም

ቦንጋ ውስጥ ከማያቸው ታካሚዎች አንዳንዶቹ የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡት ስላልተስማማቸው አይደለም፤ የደም ምርመራ ውጤታቸው ስለተስተካከለ ነው። እርስዎም እንዲህ አድርገው ከሆነ የአንድ ሰው ታሪክ ላጫውትዎ። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ድዋይት አይዘንሃወር በአሜሪካ ካንሳስ፣ ከድሃ ቤተሰብ ያደጉ የጦር ሰው ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ የገባውን ጦር መርተዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ የተቀበሏቸውም ፕሬዚዳንት እርሳቸው ናቸው። ቀድሞ በቀን እስከ አራት ፓኬት ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ግን እርግፍ አድርገው ተዉት።

መስከረም 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ዴንቨር ውስጥ ጎልፍ ሲጫወቱ ዋሉ። ምሳቸው ሀምበርገርና ጥሬ ሽንኩርት ስለነበር ከሰዓት በኋላ የተሰማቸውን ሕመም በሽንኩርቱ አሳበቡ። ሌሊት ደረታቸውን ክፉኛ አመማቸው። የግል ሐኪማቸው ወዲያው ቢደርሱም በመጀመሪያ ለሕዝብ የተነገረው የምግብ አለመፈጨት ነው ተብሎ ነበር። ኢሲጂ ተነሥተው ሃርት አታክ መሆኑ የታወቀው በማግስቱ፣ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው። (በእኛም አገር ስንቱ የደረት ሕመም ጨጓራ ተብሎ ቤት ይውላል!)

ሰባት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ወጡ፤ በዓመቱም እንደገና ተመረጡ። ቅባት ቀነሱ፣ ክብደታቸውን ጠበቁ፣ ኮሌስትሮላቸውን እየደጋገሙ አስለኩ። በ1950 ዓ.ም. መጠነኛ ስትሮክ፣ በኋላም ተደጋጋሚ ሃርት አታክ መጣባቸው። መጋቢት 19 ቀን 1961 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው በልብ ድካም ዐረፉ። የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና የተፈቀደው ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የልብ ደም ቧንቧ እንደ ዛገ የውኃ ቱቦ ቀስ እያለ የሚዘጋ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን እንዲያ አይደለም። ኮሌስትሮል በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይከማቻል። ክምችቱ ለስላሳ፣ ብግነት ያለበትና ሽፋኑ ስስ ከሆነ፣ ቧንቧውን ብዙ ሳያጠብ ሊቀደድ ይችላል። በተቀደደው ላይ ደም ይረጋና መንገዱ በደቂቃዎች ይዘጋል። ቀን ጎልፍ ሲጫወት የዋለ ሰው ሌሊት የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

አቶርቫስታቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ቁጥሩን ብቻ አይደለም የሚያወርዱት። የክምችቱን ስብ ይቀንሳሉ፣ ብግነቱን ያበርዳሉ፣ ሽፋኑን ያጠነክራሉ። በስካንዲኔቪያ አገሮች በ4,444 የልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገውና በ1987 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፣ ሲምቫስታቲን ሞትን በ30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ክምችቱ ግን ይረጋጋል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ኪኒኑን ሲያቆሙ ኮሌስትሮሉ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ጥሩ ውጤት ያዩት መድኃኒቱን እየወሰዱ ስለነበረ ነው።

ጡንቻዎን ካመመዎት ወይም ለማርገዝ ካሰቡ በራስዎ ከመወሰን ሐኪምዎን ያማክሩ፤ መጠኑን መቀነስም ሆነ መድኃኒቱን መቀየር ይቻላል። ደረትዎን ጨምድዶ ይዞ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ከተሰማዎት ደግሞ የጨጓራ ሽሮፕ አይፈልጉ፤ በሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሰው በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።