ወይን ሲጠጣ በአፍንጫው ይወጣ የነበረው ንጉሥ

የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ገና በ4 ዓመቱ ነግሦ 72 ዓመት በዙፋን ላይ ቆየ። የአባቱን የአደን ማረፊያ ቬርሳይን ግዙፍ ቤተ መንግሥት ያደረገው እሱ ነው። የፀሐይ ንጉሥ ይሉታል። ታዲያ ይሄ ሰውዬ በ46 ዓመቱ የሚጠጣው ነገር በአፍንጫው ይወጣ ጀመር።

ነገሩ የመጣው ከጥርስ ነው። በግራ በኩል የላይኛው ጥርሶቹ ተበላሽተው ሲነቀሉ የመንጋጋው አጥንት አብሮ ተሰብሮ ወጣ። ከላይኛው ጥርስ ሥር ከፍ ብሎ፣ ጉንጫችን ውስጥ፣ አየር የያዘ ባዶ ቦታ አለ። ሳይነስ የሚባለው እሱ ነው። እኛ አገር ሳይነስ አለብኝ ሲባል በሽታው ማለት ሆኗል እንጂ ሳይነስማ ሁላችንም አለን። ጥርሱንና ሳይነሱን የሚለያቸው አጥንት ደግሞ በጣም ስስ ነው። የንጉሡ ሲሰበር አፉና አፍንጫው በአንድ ቀዳዳ ተገናኙ። ምግብና መጠጥ ወደ ላይ እየገባ ሳይነሱ መግል ቋጠረ፤ መግሉም ይሸት ነበር። ቬርሳይን ለሚያህል ቤት ጌታ፣ በቀን ሙሉ ሰው ለሚከበው ንጉሥ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1685 እ.ኤ.አ. የቀዳዳው ዳር በጋለ ብረት ይተኮስ ተባለ፤ ጠባሳ ሠርቶ እንዲዘጋ። ማደንዘዣ የለም። ኤተር በሰው ፊት የታየው በ1846 ነው። አስቡት፣ አፍ ውስጥ፣ 14 ጊዜ! የግል ሐኪሙ ዳካን በጤና መዝገቡ ላይ ከንጉሡ ይልቅ የደከመው ተኳሹ ነበር ብሎ ጽፏል። ለንጉሥ የሚጽፍ ሐኪም ሌላ ምን ይላል? ብቻ ቀዳዳው ተዘጋ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ናትናኤል ሃይሞር ይህን ሳይነስ በ1651 በመጽሐፉ ገልጾት ነበር። ደህና የቀዶ ሕክምና መንገድ ግን እስኪገኝ ብዙ ቆየ። ካልድዌል ኒውዮርክ በ1893፣ ሉክ ደግሞ ፓሪስ በ1897፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ ከላይኛው ከንፈር ሥር አጥንቱን ከፍቶ ሳይነሱን ማጽዳትን አስተዋወቁ። አሁን አሁን በአብዛኛው ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫ ይገባል። እንደ ሉዊ ዓይነቱ ቀዳዳ ደግሞ ከጉንጭ ውስጥ በሚሳብ ሥጋ ይሸፈናል፣ ታካሚው ደንዝዞ።

ሉዊ ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ኖረ። በ1715 የሞተውም በእግሩ ጋንግሪን ነው።