ጊታር ሳይችል ጊታር የሠራው ሊዮ ፌንደር

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች አምዳችን የምናስተዋውቃችሁ ሊዮ ፌንደር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ብዙ ትሆናላችሁ። የሥራውን ፍሬ ግን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሠርግ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ዘፈን ሲመጣ የምንሰማው የኤሌክትሪክ ጊታር ዛሬ ያለውን መልክ እንዲይዝ ካደረጉት ሰዎች አንዱና ዋነኛው እሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሊዮ እስኪሞት ድረስ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር! እንዴት ሆኖ? እስቲ ተከተሉን።

ልጅነቱ

ሊዮ የተወለደው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 4 ቀን 1901 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጆች ደግሞ 1909 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አገሩ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ወላጆቹ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ነበሩ። ገና ትንሽ ልጅ እያለ ታመመና አንድ ዓይኑን አጣ። በቦታው የመስታወት ዓይን ተደረገለት። ይህ ግን ከሥራ አላስቀረውም። ጥቃቅን ሽቦ ሲያገናኝ የኖረው በአንድ ዓይኑ ነው።

13 ዓመት ሲሆነው አጎቱ በሣጥን አድርጎ ዕቃ ላከለት። ውስጡ ያለው ልብስ ወይም ከረሜላ እንዳይመስላችሁ፤ የተጣሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችና ባትሪ ነው! አጎቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በኋላ ሊዮ ወደ አጎቱ ሱቅ ሲሄድ ከተራረፉ ዕቃዎች የተሠራ ሬዲዮ በር ላይ ሆኖ ሲጮህ ሰማ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡ እዚያው ቀረ። ተማሪ ሆኖ ገና ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ መጠገን ጀመረ።

ሥራ ማጣቱና ሱቅ መክፈቱ

ኮሌጅ ገብቶ የተማረው ግን ኤሌክትሪክ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ነው። የኤሌክትሪኩን ነገር እየፈታና እየገጠመ ለብቻው ተማረው። ትምህርቱን ሲጨርስ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ አሜሪካን ትልቅ የኢኮኖሚ ችግር መቷት ስለነበር ሥራውን አጣ። ሚስት አግብቷል፣ ደሞዝ የለም። ምን ያድርግ? በ1938 ዓ.ም. 600 ዶላር ተበድሮ ፉለርተን በምትባል ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ ባይሠራለት ኖሮ ዕዳው አንገቱ ላይ ይቀር ነበር።

ጊታሩ እንዴት መጣ?

ወደ ሱቁ ሙዚቀኞችም የተበላሸ ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ሊዮ እየጠገነ ችግራቸውን ያዳምጣል። ችግራቸው ምን ነበር? የጊታር ድምፅ ትንሽ ስለሆነ ከመለከትና ከከበሮ ጋር ሲሆን አይሰማም። በድምፅ ማጉያ ሲያጎሉት ደግሞ ይጮህባቸዋል። እኛም እኮ እናውቀዋለን! በሰልፍ ሰዓት የሚኒ ሚዲያችን ማይክ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ ሲጢጥ ብሎ ጆሯችንን የሚያስይዘን ጩኸት ነው። ከስፒከር የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ጎልቶ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ሆዱ ባዶ የሆነ ጊታርም እንደ ማይኩ ድምፁን መልሶ ስለሚቀበል ይጮሃል።

መፍትሔው ሆድ የሌለው፣ ድፍን እንጨት የሆነ ጊታር ነው። ይህን ያሰበው ሊዮ ብቻ አይደለም። ሌስ ፖል የሚባል ሙዚቀኛም ከወፍራም እንጨት የራሱን ሠርቶ ሞክሯል።

ታዲያ ድፍን እንጨት እንዴት ይዘፍናል? ነገሩ እንዲህ ነው። ክራር ድምፁን የሚያጎላለት ገበቴው ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን በጅማቶቹ ሥር ማግኔት አለው፤ ማግኔቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በብዙ ሺህ ዙር ተጠምጥሟል። ይህ ዕቃ ፒክአፕ ይባላል። (መኪናው አይደለም!) የብረት ጅማት ማግኔቱ አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ኤሌክትሪክ በገመድ ሄዶ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ይጎላና በስፒከር ይወጣል።

በ1943 ሊዮ ዶክ ካውፍማን ከሚባል ሙዚቀኛ ጓደኛው ጋር አንድ ጊታር ሠራ። ለፒክአፕ መሞከሪያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ መልኩ አያምርም፤ ሊሸጡትም አላሰቡም። ድምፁን የሰሙ ሙዚቀኞች ግን ተዋሱን እያሉ ተራ ይጠብቁ ጀመር። ጓደኛሞቹ በ1945 አብረው መሸጥ ጀመሩ። ብዙ ሳይቆይ ዶክ ገንዘባችን ይጠፋል ብሎ ፈራና ወጣ። ሊዮ ግን ብቻውን ቀጠለ።

ሳቁበት፣ እሱ ግን ሠራ

በ1950 ድፍኑን ጊታር ለገበያ አቀረበ። አንዳንዶች ሲያዩት የታንኳ መቅዘፊያ ይመስላል ብለው ሳቁ። ይህ ጊታር በ1951 ቴሌካስተር የሚል ስም ወጣለት፣ እስከ ዛሬም ይሠራል። ትልቁ ብልሃት አንገቱ ላይ ነው። በፊት የጊታር አንገት አብዛኛውን ጊዜ በማጣበቂያ ይያያዝ ነበር። ሊዮ በ4 ብሎን አሰረው። አንገቱ ቢሰበር ብሎኑን ፈትቶ ሌላ መግጠም ነው! ዛሬ አንድ ጀማሪ አንገቱን፣ ገላውን፣ ፒክአፑንና መቃኛውን ለየብቻ ገዝቶ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ ሽቦውን በጋለ ብረት በይዶ የመጀመሪያ ጊታሩን ቤቱ ውስጥ መገጣጠም የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሊዮ ጥገና ሠራተኛ ስለነበር ሲሠራም የሚጠግነውን ሰው አይረሳም።

በዚያው በ1951 ደግሞ የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው ቤዝ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ለመሸከም የሚያስቸግር ነበር። ሙዚቀኞች የቴሌካስተሩ ጠርዝ ጎናችንን ይወጋናል ሲሉትም አልተቆጣም። በ1954 ጠርዙ ለደረትና ለክንድ እንዲመች ሆኖ የተቀረጸ ስትራቶካስተር የሚባል ጊታር አወጣ። ጊታር መጫወት ባይችልም ሁሉን ያገኘው የሚጫወቱትን በማዳመጥ ነው።

በ1965 ስለታመመ ድርጅቱን በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሲሻለው ግን በገንዘቡ ተቀምጦ አልበላም፤ ተመልሶ ጊታር መሥራቱን ቀጠለ። መጋቢት 12 ቀን 1983 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በ81 ዓመቱ አረፈ።

እኛስ?

የኤሌክትሪክ ጊታር በአገራችንም ብዙ ሠርቷል። ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን ወላጆቻችን ያውቁታል። ዛሬ ክራርም ፒክአፕ ተገጥሞለት በድምፅ ማጉያ ይሰማል።

ትክል ድንጋይ ውስጥም የማይሠራ ሬዲዮ ያለበት ቤት አይጠፋም። ጠጋኝ ሲፈታው አጠገቡ ቆማችሁ እዩ፣ ይህ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሊዮም የጀመረው ሰው ከጣለው ዕቃ ነው። አደራ፣ ሶኬት ላይ የተሰካ ነገር እንዳትነኩ! ያበጠ ወይም የሚያንጠባጥብ ባትሪም አትክፈቱ።

የዛሬ ጥያቄ፦ የማሲንቆ ጭራ በፒክአፕ ድምፁ ይሰማል ወይስ አይሰማም? ለምን? ጽሑፉን ደግማችሁ አንብቡና መልሱን ለክበባችን ስጡን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!