ቶልስቶይ፤ ደስታ ራስን በማታለል ብቻ የሚገኝ እንደ ሆነ የመረመረ ሰው

አንባቢ ሆይ፥ ትምህርት ከቀመሱት ወጣቶች አንዳንዶች ብርቱ ጥያቄ ሲያነሡ ይሰማል። የሰው ሕይወት በሞት የሚፈጸምና ትርጕም የሌለው ከሆነ፥ ደስ ብሎት የሚኖር ሰው ሁሉ ወይ አላስተዋለም፥ ወይ ዐውቆ ራሱን ይሸነግላል፤ እንግዲህ እውነትንና ደስታን ባንድነት ሊይዝ የሚችል የለም ይላሉ። ይህ የሰነፍ ጥያቄ አይደለምና በቍጣ ሊመልሱት አይገባም። ከዚህ ቀደም አንድ ታላቅ ሰው ይህንኑ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በገዛ ሕይወቱ ስለ መረመረው፥ የእርሱን ታሪክ መናገር የሚሻል መሰለኝ። እርሱም የሩስያው ደራሲ ሊዮ ቶልስቶይ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ቶልስቶይ በ1828 ዓ.ም. ከሞስኮ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ያስናያ ፖልያና በሚባለው የወላጆቹ ርስት ተወለደ፤ ወገኑም ከመኳንንት ነበረ። እናቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፥ አባቱም ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ሞቱ። ሦስት ታላላቅ ወንድሞች ነበሩት፤ የሁሉም ታላቅ ኒኮላይ ተረት ማውራት የሚያውቅ ልጅ ነበረ። አንድ ቀንም ለታናናሾቹ ምስጢር እንዳለው ነገራቸው። ይህ ምስጢር በተገለጠ ጊዜ በሰው ዘንድ ደዌና ጠብ ይቀራል፥ ሁሉም ደስተኛ ይሆናል፤ ምስጢሩም በአረንጓዴ በትር ላይ ተጽፎ በደኑ ውስጥ በአንድ ገደል አፋፍ ተቀብሯል አላቸው። ሕፃናቱም አመኑት። ቶልስቶይ ይህን በትር እስኪያረጅ ድረስ አልረሳውም።

በጐልማሳነቱ ግን ከበትሩ ይልቅ ሌላ ሌላ ነገር ፈለገ። በካዛን ከተማ የጀመረውን ከፍተኛ ትምህርት ሳይጨርስ በ1847 ተወ። ቁማር ተጫወተ፥ ሰከረ፥ ከሴቶች ጋር ረከሰ፤ ይህንንም ሁሉ በየቀኑ በማስታወሻው እየጻፈ ራሱን ይወቅስ ነበር። በካውካስና በሴባስቶፖል በወታደርነት አገለገለ። ስለ ሴባስቶፖል ጦርነት የጻፈው ታሪክም ገና በወጣትነቱ ስመ ጥር አደረገው። በሕፃንነቱ የተማረው ሃይማኖት ማንም ተከራክሮ ሳያስተወው እንደ በረዶ ቀልጦ ጠፋ። በእርሱም ፋንታ የተማሩት ሁሉ ያምኑበት የነበረውን፥ ዓለም ከቀን ወደ ቀን ይሻሻላል የሚለውን ዐሳብ ያዘ።

ይህን ዐሳብ ሁለት ነገሮች አናወጡበት። በ1857 በፓሪስ ከተማ የአንድ ሰው አንገት በፍርድ ሲቈረጥ አየ፤ ያን ጊዜም የትኛውም የሥልጣኔ ትምህርት ይህን ትክክለኛ ሊያደርገው እንደማይችል ልቡ ነገረው። በ1860 ደግሞ ያ ባለ ተረቱ ወንድሙ ኒኮላይ በደቡብ ፈረንሳይ፥ ኢየር በምትባል ከተማ፥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ቶልስቶይ አብሮት ነበረ። ኒኮላይ ብልህና ደግ ሰው ነበረ፤ ዳሩ ግን ለምን እንደ ኖረ ሳያውቅ፥ ይልቁንም ለምን እንደሚሞት ሳያስተውል ብዙ ተሠቃይቶ አረፈ። በሞቱም ፊት የሥልጣኔ ተስፋ ሁሉ ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ ግን የደስታ ዘመን መጣ። በ1862 ቶልስቶይ በ34 ዓመቱ የ18 ዓመቷን ሶፊያን አገባ። ትዳራቸውም በፊተኞቹ ዓመታት ያማረ ነበረ። ጦርነትና ሰላም የተባለውን ታላቅ መጽሐፍ እስከ 1869 ድረስ ጻፈ፤ ሶፊያም የተሰረዘውንና የተደለዘውን ጽሕፈቱን እየገለበጠች ረዳችው። ከዚያም ቀጥሎ አና ካሬኒናን ጻፈ። ሀብቱ በዛ፥ ልጆቹ በረከቱ፥ ስሙም ከአገሩ አልፎ ተሰማ። ጤንነቱ የሚያስደንቅ ነበረ፤ ከባላገሮች ጋር ሣር ያጭድ ነበር፥ ደግሞም ሳይታክት ስምንትና ዐሥር ሰዓት ለመጻፍ ይችል ነበር። ሰው በዚህ ዓለም ሊመኘው ከሚችለው ምን ጐደለበት?

ነገር ግን በ1869 መሬት ሊገዛ ወደ ፔንዛ አውራጃ ሲሄድ፥ አርዛማስ በምትባል ከተማ ባደረበት ሌሊት፥ አንዳች ሕመም ሳይኖርበት የሞት ፍርሀት ያዘው። ጧት ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ፤ ፍርሀቱ ግን አብሮት ተጓዘ። ከ1873 እስከ 1875 ባለው ጊዜም ሦስት ሕፃናት ሞቱበት። በ50 ዓመቱ ገደማ ጥያቄው ሊሸሽበት በማይችልበት ቦታ ላይ አገኘው። በሳማራ አውራጃ 160 ጋሻ ያህል መሬትና 300 ፈረሶች እንደሚኖሩት ሲያስብ፥ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን ይጠይቅ ጀመር። ልጆቹን ስለ ማስተማር ሲያስብ፥ ለምን እንደሚያስተምራቸው ይጠይቃል። በዓለም ካሉ ደራሲዎች ሁሉ ቢበልጥ ምን እንደሚጠቅመው ይጠይቃል። መልስም አላገኘም። ራሱን እንዳያጠፋ እጅግ ስለ ፈራ በቤቱ ያለውን ገመድ ከዓይኑ ሰወረ፤ ጠመንጃ ይዞ ወደ አደን መሄድንም ተወ።

ይህን ሁሉ ከ1879 እስከ 1882 በጻፈው ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ዘርዝሮታል። በዚያም አንድ የምሥራቅ አገር ተረት ያመጣል። መንገደኛ ከተቈጣ አውሬ ሸሽቶ ውኃ በሌለው ጕድጓድ ውስጥ ገባ። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። መንገደኛውም ወደ ላይ እንዳይወጣ አውሬው፥ ወደ ታች እንዳይወርድ ዘንዶው ስላስፈራው፥ በጕድጓዱ ግድግዳ የበቀለ ቍጥቋጦ ይዞ ተንጠለጠለ። ነጭና ጥቍር አይጦች ግንዱን ዞረው ይከረክሙታል። እርሱ ግን በቅጠሉ ላይ የማር ጠብታ አይቶ በምላሱ ይልስ ጀመረ። ይህ ተረት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ከህንድ ተነሥቶ በብዙ ቋንቋ ካለፈ በኋላ፥ የደብረ ሊባኖሱ አባ ዕንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት በበረላምና ይዋስፍ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ቶልስቶይም ተረቱ የገዛ ሕይወቱ ታሪክ ሆኖ ታየው። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ማሩም ለእርሱ ሁለት ጠብታ ነበረ፥ አንዱ የቤተ ሰቡ ፍቅር፥ ሁለተኛው ድርሰቱ። አሁን ግን ዘንዶውን ካየ ወዲህ ማሩ አልጣፈጠውም።

እንግዲህ ሌሎች ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ተመለከተ። ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕርግ ካሉት ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ዘንዶውን አላዩም። አንዳንዶቹ አይተውታል፥ ነገር ግን ማሩ እስካለ ድረስ ይላስ ብለው ፊታቸውን መልሰዋል። ሌሎቹ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ። የቀሩትም ከንቱ መሆኑን እያወቁ ከድካም የተነሣ ዝም ብለው ይኖራሉ፤ ራሱንም ከእነዚህ ጋር ቈጠረ። መጽሐፈ መክብብን፥ ሶቅራጥስን፥ የህንዱን ቡድሃን፥ የጀርመኑን ሾፐንሃወርን መረመረ፤ ሁሉም ከእርሱ ጋር የሚስማሙ መሰለው። የዛሬው ተማሪ ከደረሰበት ከዚያው ስፍራ ቶልስቶይም ደርሶ ነበር፤ ይኸውም ደስ የሚለው ያላወቀው ነው፥ ያወቀውም ደስ አይለውም የሚለው ነው።

በዚህ ቈይቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ባልጻፍሁት ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አስቸገረው። የቈጠራቸው አራቱ ወገኖች ሁሉ በእርሱ ዙሪያ ያሉ፥ ሥራ የማያደክማቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። በእርሻውና በየደሳሳው ጎጆ የሚኖረው ሚሊዮን ባላገር ግን ከአራቱ ውስጥ አልገባለትም። ባላገሩ ሞትን አላወቀም እንዳይል፥ ከመኳንንቱ ይልቅ ሞትን የሚያውቅ እርሱ ነው፤ ልጆቹን ይቀብራል፥ ሬሳውን በገዛ እጁ ያጥባል፥ በረኃብ ዓመት ማን እንደሚተርፍ አያውቅም። ማር ይልሳል እንዳይልም ማሩ ከየት መጥቶ? ሩስያ ገባሮቿን ነጻ ያወጣችው በ1861 ነው፤ ከዚያም በኋላ ድህነቱ አልለቀቀውም። ይሁን እንጂ ቶልስቶይ ባየው መጠን፥ ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት ያለ ማጕረምረም ይሠራሉ፥ ይታመማሉ፥ በጸጥታም ይሞታሉ። በእርሱ ማዕርግ ያሉት ግን ሞት ሲቀርብ ይሸበራሉ።

ሰው በተሰበረ ሚዛን እህል መዝኖ እህሉ ጐደለ ብሎ ቢፈርድ ፍርዱ የእህሉ አይደለም፤ ቶልስቶይም ይህን በራሱ ላይ አገኘው። ከንቱ ሆኖ ያየው ሕይወት የሰው ሕይወት ሁሉ ሳይሆን፥ በሌላው ድካም የሚበላው የእርሱና የመሰሎቹ ኑሮ ነበረ። ስለዚህ ትርጕም ያጣው ስለ ሕይወት እውነቱን ስላወቀ ሳይሆን ክፉ ስለ ኖረ መሆኑን ተናዘዘ። ለእግዚአብሔርና ለባልንጀራ ሲኖር የሚኖር እንደ ሆነ፥ ያን ሲተው ግን በቁሙ እንደሚሞት በገዛ ነፍሱ አየ።

ምናልባት ባላገሮቹም የተታለሉ ናቸው የሚል ይኖራል። ይህን እኔም ዐስቤዋለሁ። ነገር ግን ማታለል ሁሉ የሚደብቀው ነገር ያስፈልገዋል። ማር የሚልሰው ሰው ወደ ታች እንዳያይ ዘወትር መጠንቀቅ አለበት፤ ቢያይ ጣዕሙ ይጠፋል። ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል እንደ ተባለው፥ የሽንገላ ደስታ ዳገት ሲመጣ ይታወቃል። ባላገሩ ግን ዘንዶውን በየዓመቱ እያየ ይሠራል፥ ይዘምራልም። ይህ ብቻውን ሃይማኖቱ እውነት መሆኑን አያስረዳም፤ ዳሩ ግን ደስታ የሚቈመው ዓይንን በመጨፈን ብቻ ነው የሚለውን ነገር ያፈርሰዋል።

ቶልስቶይ ከዚህ በኋላ ሁለንተናው የቀና ሰው ሆነ ብዬ ብጽፍ እኔም አንባቢዬን ማታለሌ ነው። አስቀድሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጾመ፥ ጸለየም፤ ቈይቶ ግን ምሥጢራቷንና የጌታን አምላክነት ካደ፥ በ1901ም የሩስያ ሲኖዶስ ከማኅበሩ ለየው። በዚህ ነገር አልከተለውም። የፈረሰውን ቤት ለመሥራት ተነሥቶ ማዕዘኑን የጣለ ይመስለኛል። የሠራውን በጎ ግን አልሸሽግም። በ1891ና በ1892 ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ በርያዛን አውራጃ ከልጆቹ ጋር ወርዶ ከ200 በላይ የድኾች ማብያ ቤቶች አቆመ።

ሌላም ፈተና መጣበት። በ1895 የሁሉም ታናሽ የሆነው ልጁ ቫኔችካ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በትኵሳት ሞተ። ሶፊያ ልቧ ተሰበረ። ቶልስቶይም 66 ዓመቱ ነበረ፤ ከልጆቹ ሁሉ ሥራዬን ይቀጥልልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገበት ይህ ልጅ ነበረ። ቀድሞ የሕፃናት ሞት ወደ ጨለማው ሰድዶት ነበር፤ በዚህኛው ግን አለቀሰ እንጂ ወደዚያ ጨለማ አልተመለሰም።

ሰላም ያላገኘው በቤቱ ነው። እርሱ ሀብቱን ሊተው ወደደ፤ ዐሥራ ሦስት ወልዳ ስምንቱን ያሳደገችው ሶፊያ ደግሞ ለልጆቿ ፈራች። በ1891 ከ1881 ወዲህ ከጻፋቸው መጻሕፍት የሚገኘውን ጥቅም ተወ፥ ርስቱንም ለሚስቱና ለልጆቹ አካፈለ፤ ነገር ግን በዚያው በትልቁ ቤት፥ አሳላፊዎች በቆሙበት ገበታ መብላቱ አልቀረም። ይህንንም ያውቅ ነበር። አንድ ቀንም ከራሱ አልሸሸገውም። ብዙዎች ስለዚህ ነቀፉት፤ እኔ ግን ከማያፍር ባለጠጋ የሚያፍረውን እመርጣለሁ። በሶፊያም ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። እርሱ እውነትን ሲፈልግ የልጆቹ ልብስና ትምህርት በማን ትከሻ እንደ ወደቀ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ኖቬምበር 10 ቀን 1910፥ ገና ሳይነጋ፥ በ82 ዓመቱ ሐኪሙን አስከትሎ በስውር ከቤቱ ወጣ። መነኩሲት የሆነችውን እኅቱን ማርያን ጐበኛት፤ ከዚያም በባቡር ሲጓዝ በሳንባ ምች ታመመና አስታፖቮ በምትባል ትንሽ ጣቢያ በጣቢያው ሹም ቤት ተኛ። ሶፊያ በልዩ ባቡር ደረሰች፤ ነገር ግን እንዳይታወክ ተብሎ ወደ እርሱ እንድትገባ አልፈቀዱላትም። በዚያው ጣቢያ በቆመ ፉርጎ ውስጥ እየኖረች፥ በመስኮቱ በኩል ለማየት ትሞክር ነበር። የገባችውም ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ኖቬምበር 20 ቀን አረፈ።

ሬሳውን ወደ ያስናያ ፖልያና ባላገሮችና ተማሪዎች ተሸከሙት። የሚቀበርበትን ስፍራ አስቀድሞ ራሱ ተናግሮ ነበር። በዛፎቹ መካከል፥ በገደሉ አፋፍ፥ ኒኮላይ አረንጓዴው በትር ተቀብሯል ባለበት ቦታ ቀበሩት። በመቃብሩ ላይ ስም የለም፤ መስቀልም ሐውልትም የለም። ሣር የለበሰ አፈር ብቻ ነው።