ነርሷ ታማሚ በሆኑ ጊዜ፤ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሕይወትና የማይታየው ሕመም

በየዓመቱ ሜይ 12 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 4 ቀን፣ የዓለም ነርሶች የሙያቸውን በዓል ያከብራሉ። ዕለቱ የተመረጠው የዘመናዊው ነርስነት መሥራች የወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል የልደት ቀን ስለሆነ ነው። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ግን ይኸው ቀን የሌሎች ወገኖችም መታሰቢያ መሆኑን ነው። ፋይብሮማያልጂያ የተባለው መላ ሰውነትን የሚያም ሕመም፣ እንዲሁም ከእርሱ ጋር የሚቀራረበው የማይለቅ የድካም በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ችግራቸውን ለዓለም የሚያሰሙት በዚሁ ዕለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ሕሙማን የናይቲንጌልን ልደት የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በመቅረዝ ይዘው ቁስለኞችን ሲጎበኙ የምናውቃቸው እኚህ ሴት በጦርነቱ ሆስፒታል ያገለገሉት ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ ታመው የኖሩት ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ነው። ይህ የሕይወታቸው ክፍል እምብዛም አይተረክም። ለሙያችን ግን ከመጀመሪያው ያላነሰ ትምህርት አለው።

ናይቲንጌል የተወለዱት በ1820 ዓ.ም. ኢጣልያ ውስጥ በፍሎረንስ ከተማ ሲሆን፣ ስማቸውም ከዚያች ከተማ የተወሰደ ነው። ወላጆቻቸው ባለጸጎች እንግሊዛውያን ነበሩ። አባታቸው ለሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሒሳብ ራሳቸው ያስተማሩ ሰው ናቸው። ናይቲንጌል ገና በ16 ዓመታቸው፣ በ1837 ዓ.ም.፣ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራቸው አምነው ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በሆስፒታል መሥራት ለጨዋ ልጅ የማይገባ ተግባር ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር ቤተሰቡ አጥብቆ ተቃወመ። በመጨረሻ ፈቃዳቸው ጸንቶ በ1851 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ወደ ካይዘርስቬርት ሄደው ለሦስት ወር ያህል ሥልጠና አገኙ። በ1853 ዓ.ም.ም በለንደን የታመሙ ወይዛዝርት የሚረዱበትን አንድ ተቋም ማስተዳደር ጀመሩ።

የክሪሚያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የቁስለኞች ሥቃይ በጋዜጣ ተሰማ። በጦር ሚኒስቴር ኀላፊነት ላይ የነበሩት ወዳጃቸው ሲድኒ ኸርበርት ጥሪ አቀረቡላቸው፤ ናይቲንጌልም 38 ነርሶችን አስከትለው በኖቬምበር 1854 ዓ.ም. ኢስታንቡል አጠገብ ወደሚገኘው የስኩታሪ ሆስፒታል ደረሱ። በዚያ የጠበቃቸው ከጥይት ይልቅ በተስቦ፣ በኮሌራና በተቅማጥ የሚያልቅ ሠራዊት ነበር። የሕንፃው ፍሳሽ መውረጃ ተደፍኖ፣ አየሩ ተበክሎ፣ ልብሱ በቅማል ተወርሮ ነበር። በ1855 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ የተላኩት የጤና አጥባቂ ኮሚሽን አባላት ፍሳሹን ካጸዱና አየር ማስገቢያውን ካሻሻሉ በኋላ የሟቹ ቍጥር በፍጥነት ቀነሰ። ናይቲንጌል ይህን ለውጥ በቍጥር መዝግበው ያዙት።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ወደ ባላክላቫ ተሻግረው የግንባሩን ሆስፒታሎች ሲጎበኙ በድንገት ታመው ወደቁ። ወታደሮቹ የክሪሚያ ትኩሳት የሚሉት በሽታ ነበር። ለብዙ ቀናት በሞትና በሕይወት መካከል ቆይተው ዳኑ፤ ሆኖም ወደ አገራቸው ተመልሰው እንዲያገግሙ ቢመከሩም እምቢ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ወደ እንግሊዝ የተመለሱት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በኦገስት 1856 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ ስማቸው እንደ ቅዱሳን ይጠራ ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ በኦገስት 1857 ዓ.ም.፣ በ37 ዓመታቸው፣ ዳግመኛ ወደቁ። ከዚህ በኋላ የነበረው ሕመማቸው አንድ መልክ አልነበረውም። ልባቸው ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ምግብ ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል፤ እንቅልፍ ይርቃቸዋል፤ ጥቂት ሰው ካነጋገሩ በኋላ ኀይላቸው ሁሉ ተሟጦ ይተኛሉ። ከ1861 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአከርካሪያቸው ላይ ብርቱ ሕመም ተነሣ። መራመድ ስለተሳናቸው ለስድስት ዓመታት ያህል አልጋ ላይ ዋሉ፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄዱትም ሰው ተሸክሟቸው ነበር። ያን ጊዜ አዲስ በነበረው ዘዴ ኦፒየም ከቆዳቸው ሥር በመርፌ ሲሰጣቸው ለጊዜው ፋታ ያገኙ ነበር። ሐኪሞቹ ሊሞቱ ነው ብለው ብዙ ጊዜ ሠጉ፤ እርሳቸውም ራሳቸው እንዲሁ አሰቡ። ነገር ግን ኖሩ።

የሚያስደንቀው ከሥራቸው አብዛኛው የተሠራው በዚህ አልጋ ላይ መሆኑ ነው። በ1858 ዓ.ም. የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር አባል ሆነው የመጀመሪያዋ ሴት ተባሉ። ስለ ሠራዊቱ ጤና ለቀረበው መንግሥታዊ ምርመራ ቍጥሮችን በሥዕል እያሳዩ ዘገባ አዘጋጁ። ስለ ሆስፒታል አሠራርና ስለ ነርስነት የታወቁትን መጻሕፍታቸውን አሳተሙ። በ1860 ዓ.ም. በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስማቸው የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። እግራቸው ረግጧት የማታውቀውን የሕንድን አገር የሠራዊት ጤና በሚመለከት በ1863 ዓ.ም. ለወጣው ታላቅ ዘገባ ከፍተኛውን ድርሻ ያበረከቱትም እርሳቸው ናቸው።

ስለ ነርስነት የጻፉትን መጽሐፍ ታማሚ ሆነው እንደጻፉት እያሰቡ የሚያነቡት ሰው ሌላ ትርጕም ያገኝበታል። በሽተኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማንሾካሾክ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ የጠያቂ ባዶ ማጽናኛና ያልተለመነ ምክር ምን ያህል እንደሚያደክም ያስረዳሉ። ስለ እንቅልፍ የሰጡት ትምህርት ደግሞ ለርእሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ሕመም ራሱን በራሱ እያባባሰ እንደሚሄድና በእንቅልፍ የተገኘ ፋታ ከፋታነት የበለጠ ጥቅም እንዳለው፣ ስለዚህም በሽተኛን ከመጀመሪያ እንቅልፉ መቀስቀስ ከባድ ጥፋት መሆኑን አስተማሩ። ከመቶ ዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቻቸው በካናዳ ጤናማ ሰዎችን ከከባድ እንቅልፋቸው ሳያስነቁ በድምፅ እያወኩ ባደረጉት ጥናት፣ እነዚያ ሰዎች ጧት የጡንቻ ሕመምና ድካም ተሰምቷቸው ተገኙ። ይህ ጥናት ዛሬ ፋይብሮማያልጂያ የምንለውን ሕመም ለመረዳት ከረዱት አንዱ ነው።

ናይቲንጌል በምን ታመው ነበር? በሕይወት ሳሉም ሆነ ከሞቱ በኋላ ብዙ ሰዎች ሕመሙ ከነርቭ መዛል የመጣ ነው አሉ። እንግዳ ላለመቀበልና ሰዎችን በፈቃዳቸው ሥር ለማዋል እንደ መሣሪያ ተጠቅመውበታል ያሉም አልታጡም። በ1974 ዓ.ም. ሰር ጆርጅ ፒከሪንግ የተባሉት ታዋቂ ሐኪም ባሳተሙት መጽሐፍ ምንጩን ከአእምሮ ጭንቀት ጋር አያያዙት። በ1995 ዓ.ም. ግን ዴቪድ ያንግ የተባሉ ተመራማሪ የሕመሙን ታሪክ መርምረው የክሪሚያው ትኩሳት ብሩሴሎሲስ ሳይሆን እንደማይቀርና የኋለኛው ሥቃይም የዚሁ በሽታ መዘዝ እንደሚመስል አመለከቱ። ብሩሴሎሲስ ከእንስሳት፣ በተለይም በጥሬ ወተት፣ የሚተላለፍ ሲሆን ለረጅም ጊዜ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ድካም፣ የመንፈስ ጭንቀትና የአከርካሪ ብግነት ያስከትላል። ተሕዋሲው በዴቪድ ብሩስ የተገኘው በ1887 ዓ.ም. በማልታ ደሴት ነው። ይኸውም ናይቲንጌል በባላክላቫ ከወደቁ ከ32 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ የዘመኑ ሐኪሞች ምክንያቱን ባያገኙት አይፈረድባቸውም፤ ምክንያቱን ስላላገኙ ሕመሙን የተጠራጠሩት ግን ተሳስተዋል። ዛሬም ሟችን ከመቃብር አስነሥቶ መመርመር አይቻልምና ናይቲንጌል ፋይብሮማያልጂያ ነበረባቸው ብሎ መደምደም አይገባም። ሕሙማኑ ልደታቸውን የመረጡት በሽታው አንድ ስለሆነ ሳይሆን ዕጣው ስለሚመሳሰል ነው።

ናይቲንጌል በስተርጅና ዐይናቸው ጠፍቶ በለንደን መኖሪያቸው ሳሉ፣ በ1904 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ዊልያም ገወርስ የተባሉት የነርቭ ሐኪም ስለ ወገብ ሕመም ባሰሙት ትምህርት ፋይብሮሳይቲስ የሚል ስም አወጡ። ስሙ ሥጋና ጅማት ተቆጥቷል የሚል ግምት ነበረው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሥጋው በተደጋጋሚ ሲመረመር የሚታይ ብግነት አልተገኘም። ስለሆነም በ1976 ዓ.ም. ፋይብሮማያልጂያ የሚለው ስም ተተካ፤ ትርጕሙም የጅማትና የጡንቻ ሕመም ማለት ብቻ ነው።

ዛሬ የሚታወቀው ችግሩ ከጡንቻው ይልቅ ሕመምን በሚያስተናግደው በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል አሠራር ላይ መሆኑ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአንጎል ምስል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በጤነኛ ሰው አውራ ጣት ላይ ቀላል ስሜት ብቻ የሚፈጥር ጫና በነዚህ ሕሙማን ላይ ብርቱ ሕመም ከመፍጠሩም በላይ የሕመም ማዕከሎቻቸውን በግልጽ ይቀሰቅሳል። እንግዲህ ሕመሙ ምናባዊ አይደለም። የድምፅ ማጉያ ከልክ በላይ እንደሚከፈት ሁሉ የነርቭ ሥርዓቱ ስሜትን አጉልቶ ያስተላልፋል። በቤተሰብ መውረሱ፣ አደጋ፣ ተላላፊ በሽታ፣ የረጅም ጊዜ ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦት ለመነሣቱ አስተዋፅኦ አላቸው። ከመቶ ሰዎች ከሁለት እስከ አራት የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገመታል፤ በሴቶችም ላይ ይበዛል።

ምልክቶቹ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሰፊ የሰውነት ሕመም፣ ተኝቶ ሲነሡ የማይለቅ ድካም፣ ዕረፍት የማይሰጥ እንቅልፍ፣ የሐሳብ መበተንና መርሳት ናቸው። ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋትና የመንፈስ መጫን ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ባወጣው መለኪያ በሰውነት ላይ ካሉ 18 ነጥቦች 11ዱ ሲጫኗቸው ማመም ነበረባቸው። በ2010 ዓ.ም. በወጣውና በ2016 ዓ.ም. በተሻሻለው መለኪያ ግን ነጥቦቹን መቍጠር ቀርቶ ሕመሙ የተሰራጨባቸው ቦታዎችና የድካሙ፣ የእንቅልፉና የሐሳቡ ችግር ክብደት ይመዘናል። በአጭሩ ምርመራው ከጣት ወደ ጆሮ ተሸጋገረ ማለት ይቻላል። ፋይብሮማያልጂያን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ የለም፤ የደምና የታይሮይድ እጢ ምርመራ የሚታዘዘው ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማወቅ ነው።

ሕክምናውም ከማብራራት ይጀምራል። ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን፣ መገጣጠሚያን እንደማያበላሽና እንደማይገድል ለታማሚው መንገር ራሱ ሥቃይን ያቀላል። ከዚያ ቀጥሎ ማስረጃው የጠነከረለት በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር የአካል እንቅስቃሴ ነው። እንቅልፍን ማስተካከል፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና በዝቅተኛ መጠን የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ለአንዳንዶች ይረዳሉ። ለናይቲንጌል ፋታ የሰጣቸው የኦፒየም ወገን ግን ለዚህ ሕመም አይመከርም።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሕመም ቁርጥማት ወይም ብርድ እየተባለ ያልፋል፤ ታማሚዋም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናትና፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ተመላልሳ ምርመራው ምንም አላሳየም ተብላ ትሸኛለች። በሌላ በኩል ጥሬ ወተት መጠጣት በብዙ ቦታ የተለመደ ሲሆን ብሩሴሎሲስም በከብቶች፣ በፍየሎችና በግመሎች ላይ የሚገኝ በሽታ ነው። የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የመገጣጠሚያ እብጠት ወይም በአንድ ቦታ የጸና የአከርካሪ ሕመም ያለበትን ሰው ፋይብሮማያልጂያ ነው ብሎ መሸኘት በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊድን የሚችለውን ብሩሴሎሲስ ወይም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ማሳለፍ ይሆናል። ለታማሚ የእንስሳትና የወተት ነገር መጠየቅ፣ ሙቀቱን መለካት፣ እንቅልፉን መጠየቅና መልሱን መጻፍ የነርስ ሥራ ነው። ሕመሙን ማመን ምርመራውን አያስቀርም፤ ምርመራው ባዶ መሆኑም ሕመሙን አያስቀርም።

የናይቲንጌል ሕመም ከ1880ዎቹ ወዲህ እየቀለለ ሄደ። በ1907 ዓ.ም. ከንጉሡ የክብር ኒሻን የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ ይህም ኦርደር ኦፍ ሜሪት የተባለው ነው። በኦገስት 13 ቀን 1910 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው በለንደን ዐረፉ። በዌስትሚንስተር ገዳም ከታላላቆች ጋር ይቀበሩ ዘንድ የቀረበውን ሐሳብ ቤተሰባቸው በኑዛዜያቸው መሠረት ሳይቀበል ቀርቶ በምሥራቅ ዌሎ መንደር በቤተሰባቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። በሐውልቱ ላይ ለእርሳቸው የተጻፈው የስማቸው ሁለት መነሻ ፊደላት፣ የተወለዱበትና ያረፉበት ቀን ብቻ ነው። ከሁለቱ ቀኖች የመጀመሪያውን ዛሬ ነርሶችና ሕሙማን በጋራ ያከብሩታል።