ከሐዘኑ የቀደሙ ዘፈኖች፦ የሮይ ኦርቢሰን ሕይወትና ሁለቱ የምርጥ ሥራዎቹ ስብስቦች

አሜሪካዊው ድምፃዊና የዜማ ደራሲ ሮይ ኦርቢሰን ከ1960ዎቹ የፖፕ ዘፋኞች መካከል በድምፁ ስፋትና በዘፈኖቹ ድራማዊ ባሕርይ ተለይቶ ይታወሳል። የምርጥ ዘፈኖቹን ስብስብ የሚያዳምጥና ስለ ሕይወቱ ጥቂት የሰማ ሰው፣ የዘፈኖቹን ሐዘን በቤተሰቡ ላይ ከደረሰው መከራ ጋር ማያያዝ ይቀናዋል። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን አተረጓጎም አይደግፍም። ይህ አጭር ጽሑፍ በ1962 እና በ1987 የወጡ ሁለት ስብስቦችን መነሻ በማድረግ ጉዳዩን ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ኦርቢሰን ኤፕሪል 23 ቀን 1936 በቴክሳስ ግዛት በቨርነን ከተማ ተወለደ። ያደገው ዊንክ በተባለች የነዳጅ ዘይት ቁፋሮ ከተማ ሲሆን፣ በስድስት ዓመቱ አባቱ ጊታር ሰጠው። በ1956 በሜምፊስ ከተማ ለሰን ሪከርድስ «ኡቢ ዱቢ»ን አስቀረጸ፤ ሆኖም ፈጣኑ የሮክ ኤንድ ሮል ስልት የድምፁን አቅም የሚያሳይ አልነበረም። ድምፁ የሚገባውን ቦታ ያገኘው በናሽቪል፣ የሞኑመንት ሪከርድስ መሥራች ከሆነው ከፍሬድ ፎስተር ጋር መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ከጆ ሜልሰን ጋር የደረሰው «ኦንሊ ዘ ሎንሊ» በ1960 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ፣ በብሪታንያ አንደኛ ደረጃን ያዘ።

የእነዚህ ዘፈኖች ድራማ የሚመነጨው ከአሠራራቸው ነው። የ1961ዱ «ራኒንግ ስኬርድ» የሚደጋገም አዝማች የለውም። በቦሌሮ ምት ዝግ ብሎ ይጀምራል፤ አጃቢዎቹ ደረጃ በደረጃ እየበረከቱ ሲሄዱ ድምፁም አብሮ ይወጣና በከፍታው ላይ ያበቃል። ታሪኩም ሴቲቱ የቀድሞ ፍቅረኛዋን ትመርጥ ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰው ታሪክ ሲሆን፣ መልሱ የሚታወቀው በመጨረሻው ስንኝ ብቻ ነው። የ1963ቱ «ኢን ድሪምስ» ደግሞ ሰባት የተለያዩ የዜማ ክፍሎችን አንዱንም ሳይደግም ያሳልፋል።

በ1962 ሞኑመንት «ኦንሊ ዘ ሎንሊ»ን፣ «ክራይንግ»ንና «ራኒንግ ስኬርድ»ን የያዘውን የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ሲያወጣ ኦርቢሰን የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ባለቤቱ ክሎዴትም በሕይወት ነበረች። እንዲያውም በስሟ የሰየመውና የኤቨርሊ ወንድማማቾች በ1958 የተጫወቱት ዘፈን የደስታ ዘፈን ነው። ከቢል ዲስ ጋር የደረሰው «ኦ ፕሪቲ ዉማን»ም በ1964 በአሜሪካና በብሪታንያ አንደኛ ወጣ።

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክሎዴት በ1966 በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተች። በ1968 ኦርቢሰን ለሙዚቃ ዝግጅት በብሪታንያ ሳለ፣ በቴነሲ የሚገኘው ቤቱ ተቃጥሎ ሁለት ታላላቅ ወንዶች ልጆቹን አጣ። በ1965 ወደ ኤም ጂ ኤም ኩባንያ ከተዛወረ በኋላም በአሜሪካ የነበረው ተቀባይነት እየቀነሰ ሄዶ ነበር።

በ1986 ዴቪድ ሊንች «ብሉ ቬልቬት» በተሰኘው ፊልሙ «ኢን ድሪምስ»ን ሲጠቀምበት፣ የድምፃዊው ስም ለአዲስ ትውልድ ደረሰ። በ1987 በቨርጂን ኩባንያ የወጣው ስብስብ የድሮ ቅጂዎች ጥርቅም ሳይሆን፣ ኦርቢሰን የቀድሞ ዘፈኖቹን እንደገና የዘፈነበት ነው። የቅጂ ባለቤትነት በአብዛኛው የአሳታሚው በሆነበት የሙዚቃ ንግድ፣ ይህ የተለመደ መንገድ ነው። ይሁንና ውጤቱ ከንግድ ያለፈ ትርጉም አለው፤ በ1962ቱ ስብስብ የሚሰማው ሐዘንን በምናቡ የፈጠረ ወጣት ሲሆን፣ በ1987ቱ የሚሰማው ግን ያንኑ ዜማ ሐዘን ከደረሰበት በኋላ የሚዘፍን ጎልማሳ ነው።

ኦርቢሰን በ1988 ከቦብ ዲላንና ከጆርጅ ሃሪሰን ጋር በትራቭሊንግ ዊልበሪስ ቡድን ውስጥ ሠራ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 ቀን በልብ ድካም በ52 ዓመቱ አረፈ። የመጨረሻ አልበሙ «ሚስትሪ ገርል» ለአድማጭ የደረሰው ከሞቱ በኋላ በ1989 ነው።

ዘፈኖቹን እንደ ሕይወት ታሪክ ማስታወሻ መቁጠር፣ ደራሲው በፈጠራው ያገኘውን ለአደጋ መስጠት ይሆናል። ሁለቱ ስብስቦች ጎን ለጎን ሲደመጡ የሚያሳዩት፣ የኦርቢሰን ጥበብ ከመከራው አለመወለዱን፣ መከራውም ጥበቡን ዝም አለማሰኘቱን ነው።