በሠሩት ደብር ባላጋራ የነገሠባቸው መስፍን፦ ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም

በሰሜን ጎንደር ጃናሞራ ወረዳ፣ የገብስ አገር በሆነው ብርዳማ ደጋ ላይ ደረስጌ ማርያም የተባለች ደብር ትገኛለች። ደብሯን ያሠሯት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ናቸው። ሊነግሡባት አስበው እንዳሠሯት ይነገራል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የደፉት ግን እሳቸው አልነበሩም። በጦር ሜዳ ድል የነሷቸው ካሳ ኃይሉ ነበሩ፤ ስመ መንግሥታቸውም ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ።

ደጃዝማች ውቤ የተወለዱት በ1790ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ገደማ፣ ዘመነ መሳፍንት በሚባለው የመከፋፈል ዘመን ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት ቢኖርም ሥልጣኑ ከስም አያልፍም ነበር። እውነተኛው ኃይል ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ባደረጉት በየጁ ራሶች እጅ ነበር። ሰሜን፣ ትግራይ፣ ጎጃም፣ ወሎና ሸዋ ደግሞ የየራሳቸው ጌታና የየራሳቸው ጦር ነበራቸው። ዛሬ በቃል ኪዳን የተሳሰሩት መሳፍንት በማግሥቱ ጦር ይማዘዙ ነበር።

ውቤ ከታላቅ ቤት የወጡ ናቸው። አያታቸው ራስ ገብሬ ሰሜንን ለረጅም ዘመን ገዝተዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የውቤ አባት ደጃዝማች ኃይለማርያም ተተኩ። በ1818 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ውቤ የሰሜንን ገዥነት ያዙ። የየጁዎችን የበላይነት መቀበል ባይወዱም ጊዜው እስኪያልፍ ማጎንበስን መረጡ። በ1823 ዓ.ም. የየጁው ራስ ማርዬ የትግራዩን ገዥ ደጃዝማች ስባጋድስን ለመውጋት ሲዘምቱ ውቤ ከማርዬ ጎን ተሰለፉ። በደብረ ዓባይ በተደረገው ውጊያ ራስ ማርዬ ወደቁ፤ ስባጋድስም ተማርከው ተገደሉ። ከሁለቱ ኃያላን ሞት በኋላ ትግራይን በእጃቸው ያስገቡት ውቤ ነበሩ።

ትግራይን መያዝ ከግዛት መስፋት በላይ ነበር። ከምጽዋ የሚመጣው የንግድ መንገድ በእጃቸው ስለገባ ከሌሎች መሳፍንት ይልቅ ጠመንጃ የማግኘት ዕድል አገኙ። የየጁዎች መመኪያ ፈረሰኛ ሲሆን የውቤ መመኪያ ነፍጠኛ ሆነ። የውጭ አገር ሰዎችንም ያስጠጉ ነበር። ከእነዚህ መካከል የዕፅዋት ሊቅ የነበረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ይገኝበታል። ሺምፐር የሰሜንና የትግራይን ዕፅዋት እየሰበሰበ ለአውሮፓ ሊቃውንት ልኳል፤ ውቤም የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾመውታል።

የዚህ ሁሉ ኃይል መሠረት ግን ገበሬው ነበር። የመሳፍንቱ ሠራዊት ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም። በሰላም ጊዜ ወታደሩ በየባላገሩ ቤት እየተመደበ ይቀለባል፤ በዘመቻ ጊዜ ደግሞ ባለፈበት አገር ጎተራ ይከፍታል፣ ከብት ይነዳል። ጦርነት የሚካሄደው ዝናቡ ሲያባራና መንገዱ ሲደርቅ፣ ማለትም የገበሬው እህል ከአውድማ በሚገባበት ወቅት ስለነበር፣ የዓመቱ ልፋት በአንድ ሌሊት ሠፈር ሊያልቅ ይችል ነበር። የእርሻ በሬው የታረደበትና ዘሩ የተበላበት ገበሬ ከማሳው ይልቅ ጋሻ ማንሳትን ይመርጣል። እንዲህ እያለ አራሹ እያነሰ፣ ዘራፊው እየበዛ ሄደ። የሚያሸንፈው ማንም ይሁን ማን ለባላገሩ ልዩነቱ ጥቂት ነበር።

ውቤ ከመስፍንነት በላይ ተመኙ። አገሪቱ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይታ ስለነበር መልእክተኛ ወደ ግብጽ ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ። የጳጳሱ መምጣት የውቤን ክብር ከፍ አደረገው። በ1834 ዓ.ም. ከጎጃሙ ደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋር ተባብረው በራስ አሊ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። በውጊያው የውቤ ነፍጠኞች የራስ አሊን ፈረሰኛ በተኑት፤ ራስ አሊም ሸሹ።

ይሁን እንጂ ድሉ አልጸናም። የውቤ ሰዎች ድላቸውን በማክበር ላይ ሳሉ የራስ አሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በጥቂት ጦር ድንገት ደርሰው ውቤን ማረኳቸው። በአባት የሚገናኙት ወንድማቸው መርሶ እንኳ በዚያ ውጊያ ከባላጋራቸው ጎን ተሰልፈው ነበር። ውቤ ካሳ ከፍለው ተለቀቁ፤ ግዛታቸውንም መልሰው ያዙ። የአንዱን ወገን የበላይነት ያረጋግጣል የተባለው ጦርነት አገሩን እንደተከፋፈለ ተወው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም ያልጠበቀው ኃይል ከቋራ ተነሣ። ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ አሊን ድል አደረጉ። ውቤ በመጀመሪያ ግብር እየላኩ ጊዜ ለመግዛት ሞከሩ። ነገር ግን አቡነ ሰላማ ወደ ካሳ ወገን ዞሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሁለቱ ጦሮች በደረስጌ ተገናኙ፤ ውቤም ተሸንፈው ተማረኩ። በቀናት ውስጥ ውቤ ያስመጧቸው ጳጳስ፣ ውቤ ባሠሩት ደብር፣ የውቤን ባላጋራ ቀብተው አነገሡ። ዘመነ መሳፍንትም በዚያ አበቃ ይባላል።

ውቤ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ አገር ሳይገዙ በ1859 ዓ.ም. ገደማ አረፉ። ልጃቸው ጥሩወርቅ የአባታቸውን አሳሪ ዐፄ ቴዎድሮስን አግብተው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ እናት በስደት ጉዞ ላይ ሳሉ አረፉ፤ ልጅ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በወጣትነቱ በዚያው ሞተ። በሌላ በኩል የወንድማቸው የራስ ብጡል ልጅ ጣይቱ የዐፄ ምኒልክ ባለቤት ሆነው የሰሜንን ቤት ስም እስከ ዐድዋ አደረሱ።

ውቤ ጠመንጃ ነበራቸው፤ ወደብ የሚያደርስ መንገድ ነበራቸው፤ ጳጳስም ነበራቸው። ያልነበራቸው አንድ ነገር፣ ሁሉም መሳፍንት ያጡት ነገር ነው። ገበሬው የእኔ ነው ብሎ የሚቆምለት ሥርዓት አልሠሩም፤ ወንድምም በወንድሙ ላይ ዘምቷል። ደረስጌ ማርያም ዛሬም አለች። በዙሪያዋ የሚያርሰው ገበሬ፣ ያን ጊዜ ለሁለቱም ጦር ስንቅ ያቀረበው ባላገር ልጅ ነው።